ባሕር ወይስ ኮረብታ? የፖሶ ቪዬሆ ዶሚኖ ማኅበር የእሁድ ጉዞ ጉዳይ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ቦታ፦ ኮርዶባ፣ ፖሶ ቪዬሆ ሰፈር፣ የጡረተኞች ዶሚኖ ማኅበር አዳራሽ (መስኮቱ አደባባዩ ላይ ያለውን የተቀቀለ ቀንድ አውጣ መሸጫ ፊት ለፊት የሚያይ)

የመጀመሪያ ጥሪ፦ ከቀኑ 11፡00 ሰዓት። ሁለተኛ ጥሪ፦ ከቀኑ 11፡30 ሰዓት።

የተገኙ አባላት፦

ዶን ኤቫሪስቶ ካንያሌሆ፣ ሊቀ መንበር
ዶን ላውሬያኖ ቪዬድማ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር
ዶን ፕሪሚቲቮ ሮሃስ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር
ዶኛ ካሲልዳ ኦሱና፣ ጡረታ የወጡ ዓሣ ሻጭ፣ 83 ዓመት፣ የማኅበሩ አንጋፋ
አራት የዶሚኖ ተጫዋቾች፣ ከስብሰባው ጎን ለጎን ጨዋታቸውን ያላቋረጡ
ቪሲታሲዮን ሉኬ፣ ጸሐፊ (የአልሙኜካር ተወላጅ፤ ይህ ግን ከዚህ በታች በሚጠቀሰው አንቀጽ 12 ምክንያት ለጉዳዩ አግባብነት የለውም)

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት፦ ማኅበሩ 31 አባላት አሉት። በደንቡ አንቀጽ 4 መሠረት በመጀመሪያው ጥሪ ስብሰባ የሚጸናው 16 ሰው ሲገኝ ነው። በሁለተኛው ጥሪ ግን የመጣው ሰው፣ ስንትም ይሁን ስንት፣ በቂ ነው። በዚህ ምክንያት ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ በመጀመሪያው ጥሪ ሰው መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ዘጠኙ አባላት በ11፡00 ሊገኙ የቻሉት፣ ሊቀ መንበሩ ጠዋት ለየሰዉ ስልክ ደውለው "ቶሎ ኑ፤ ቀንድ አውጣው በ11፡30 ይከፈታል፣ ቅዳሜ መሆኑን አትርሱ፣ የገዢው ሰልፍ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሳይደርስ እንጨርስ" ስላሏቸው ነው።

አንቀጽ 12ን በሚመለከት፦ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ በሚይዝበት ጊዜ መናገርም ሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም። አንቀጹ የወጣው የቀድሞው ጸሐፊ ለሁለት ዓመት የራሳቸውን ንግግር ብቻ ሲጽፉ ስለተገኙ ነው።

አጀንዳ 1፦ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስለ መወሰን

ዶን ኤቫሪስቶ በ11፡04 ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ዘጠኝ ሰው ለመጀመሪያው ጥሪ እንደማይበቃ፣ ለሁለተኛው ግን ተርፎ እንደሚፈስ አስረድተው፣ "ታዲያ እዚህ ተጎልተን ግድግዳ ከምናይ፣ 11፡30 ሆኗል እንበልና እንገላገል" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዶን ፕሪሚቲቮ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው "የኔ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ነው የሚለው" ቢሉም፣ ሊቀ መንበሩ "ያንተ ሰዓት የማኅበሩ አባል አይደለም" ሲሉ መልሰውላቸዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ (ሁለት ደቂቃ) ሰዓቱ 11፡30 እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔውን ለማስፈጸም ሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ ወጥተው የአዳራሹን ሰዓት ዘንግ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ፊት ገፉት። ዶን ላውሬያኖ ወንበሩን ደግፈው ይዘዋል።

አጀንዳ 2፦ የእሁዱ ጉዞ

ማኅበሩ ጁን 7 ቅዳሜ ግራናዳ ላይ ለሚደረገው የዶሚኖ ውድድር ይሄዳል። አውቶቡሱ ወደ ኮርዶባ የሚመለሰው እሁድ ማታ በመሆኑ፣ የእሁድ ቀን ባዶ ነው። ለዚህ ቀን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፦ አንደኛ የባሕር ዳርቻዋ አልሙኜካር፣ ሁለተኛ ኮረብታ ላይ የተቆለለችው ሞንቴፍሪዮ።

ዶኛ ካሲልዳ ቀድመው እጃቸውን አነሡ። እንዲህም አሉ፦ "እኔ ገበያው ውስጥ 41 ዓመት ዓሣ ሸጥኩ። ሰው ሁሉ 'ትኩስ ነው ወይ?' ሲለኝ፣ 'ዛሬ ጠዋት ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ነበር' እያልኩ በእናቴ ስም እምል ነበር። ባሕሩን ግን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። የማርፈው እሁድ ብቻ፤ እሁድ ደግሞ ባለቤቴ አውቶቡስ ላይ ከወጣ ያስመልሰዋል። እሱም አረፈ፣ የኔም ጉልበት ከዳኝ። አሁን ልሄድና ልየው። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ምን ስምል እንደነበር ልወቀው።"

ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ አንዱ የሚጥለውን ጠጠር በእጁ እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ። 

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የዶኛ ካሲልዳ ንግግር ልብ የሚነካ መሆኑን፣ ሆኖም ማኅበር በልብ እንደማይመራ ገለጹ። በባሕር ዳርቻ ላይ ያላቸውን ተቃውሞም በዝርዝር አቀረቡ። አሸዋው ጫማ ውስጥ ገብቶ እስከ ገና በዓል እንደማይወጣ ተናገሩ። (ጸሐፊዋ የአልሙኜካር ዳርቻ ጠጠር እንጂ አሸዋ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ምንም አላለችም።) እዚያ አንድ ጥላ የሚሆን ዛፍ እንደሌለ አከሉ። (ጸሐፊዋ ያደገችው ከዘንባባዎቹ ሥር ነው፤ ምንም አላለችም።) በመጨረሻም ዋናውን ነገር ተናገሩ፦ "ባሕር ከሄድን እርስ በርሳችን በዋና ልብስ ልንተያይ ነው። የላውሬያኖን ሆድ ያየሁ ቀን፣ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ብዬ ነው የማከብረው?"

ዶን ላውሬያኖ ስለ ሆዳቸው የተነገረው ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቁ። ጥያቄው ድምፅ ተሰጥቶበት አምስት ለሦስት ወድቋል።

ዶን ፕሪሚቲቮ ባሕሩን ደግፈው ተናገሩ። ምክንያታቸው ባሕሩ አይደለም፣ መንገዱ ነው። 38 ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው በመሆናቸው ተሳፋሪ ሆነው መቀመጥ እንደማይችሉ፣ ወደ ሞንቴፍሪዮ በሚወስደው ጠመዝማዛ ላይ እግራቸው ሳያዙት ፍሬን እየፈለገ የፊተኛውን ወንበር እንደሚረግጥ አስረዱ። ሊቀ መንበሩ "ዓይንህን ጨፍነህ ተቀመጥ" ቢሏቸው፣ "ዓይኔን ጨፍኜ ነድቼ አላውቅም" ብለዋል። "ማን ንዳ አለህ?" ተብለዋል።

በዚህ ጊዜ ዶን ላውሬያኖ የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረቡ። ሳሎብሬኛ የምትባለው ከተማ ኮረብታ ላይ ያለች፣ ባሕሩም ከእግሯ ሥር የተዘረጋ መሆኑን፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን እንደሚያገኝ አብራሩ። ሐሳቡ ወዲያው ከሁለቱም ወገን ተቃውሞ ገጠመው። የኮረብታው ወገን ባሕር አለበት አለ፤ ዶን ፕሪሚቲቮ አቀበት አለበት አሉ። ዶን ላውሬያኖ "እናንተ የምትፈልጉት ቦታ አይደለም፣ ጠብ ነው" ብለው ተቀመጡ።

ሊቀ መንበሩ ዶኛ ካሲልዳን ለማግባባት "ለሚቀጥለው ዓመት ባሕር እንሄዳለን፣ ቃሌ ነው" አሏቸው። ዶኛ ካሲልዳም "የሚቀጥለው ዓመት ከኔ ጋር ቀጠሮ አልያዘም፣ ልጄ" ሲሉ መለሱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ሞንቴፍሪዮ 4፣ አልሙኜካር 3፣ ሳሎብሬኛ 1 (የዶን ላውሬያኖ)። ማኅበሩ ኮረብታ እንዲወጣ ተወሰነ። ዶኛ ካሲልዳ ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉት። ጸሐፊዋ እጅግ ተናዳለች። አንቀጽ 12 መናደድን ስለማይከለክል እዚህ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ለመንገድ ስለሚያዘው ምግብ

የእንቁላልና የድንች ጥብስ እንዲያዝ ያለ ክርክር ተስማምተናል። ክርክሩ የተነሣው ሽንኩርት ይግባበት አይግባበት በሚለው ላይ ነው። ዶን ላውሬያኖ ሽንኩርት የገባበት ጥብስ በሕግ ፊት ጥብስ ሊባል እንደማይገባው ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ ሽንኩርት የሌለበት ጥብስ የሆስፒታል ምግብ እንደሆነ ተናገሩ። ሁለት የዶሚኖ ተጫዋቾች፣ አሥራ አንድ ዓመት ጥንድ ሆነው የተጫወቱ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ድምፁ አራት ለአራት ሆነ። በዚህ ጊዜ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ሁለት ሆኖ እንዲቆጠር ሊቀ መንበሩ ሐሳብ አቅርበው፣ በሊቀ መንበሩ ሁለት ድምፅ ጸደቀ። ሽንኩርት ገብቷል።

አጀንዳ 4፦ ያልተያዘ አጀንዳ፣ በዶን ላውሬያኖ የቀረበ

ዶን ላውሬያኖ፣ በአንድ ስብሰባ በከተማም በሽንኩርትም የተሸነፉ፣ ተነሥተው ቆሙ። "እኔ ፍርድ ቤት 36 ዓመት ሠርቻለሁ" አሉ። "በመጥረጊያ የተገፋ ሰዓት፣ ሰዓት አይባልም። ይህ ስብሰባ የተካሄደው በመጀመሪያው ጥሪ ጊዜ ነው። አሥራ ስድስት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ዘጠኝ ነን። ስለዚህ እስካሁን ያወራነው ሁሉ የቡና ቤት ወሬ ነው።"

ሊቀ መንበሩ "ሰዓቱን ስገፋ ወንበሩን የያዝክልኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ያኔ ለምን አልተናገርክም?" ሲሉ ጠየቁ።

"ያኔ እንደምሸነፍ በምን አውቄ!" ሲሉ ዶን ላውሬያኖ መለሱ።

ነገሩ ሊካረር ሲል፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው የዶሚኖ ተጫዋች "ድስቱ ወጥቷል! ሦስት ሰው ተሰልፏል!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ውስጥ ወዲያው ሰላም ወረደ። ሊቀ መንበሩ "እንግዲያው ሁሉም ይሰረዝ፤ ሌላ ቀን እንሰበሰባለን" አሉ። ስለዚህ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ፣ ኮረብታውም፣ ሽንኩርቱም፣ ሰዓቱ 11፡30 ነው የተባለውም ጭምር፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የዶን ፕሪሚቲቮ የእጅ ሰዓት ለምስክርነት ተጠርቶ 11፡26 መሆኑን ስላረጋገጠ፣ የአዳራሹ ሰዓት በዚያው መጥረጊያ ወደ ኋላ ተመልሷል።

አባላቱ እየተጋፉ ወጡ። ሊቀ መንበሩ ገና ከደጃፉ "የሰልፉ መጨረሻ ማን ነው?" እያሉ ሲጣሩ ተሰምተዋል። ዶኛ ካሲልዳ ብቻ ቀሩ። ጸሐፊዋ በዓይኗ ስትጠይቃቸው፣ "ዛጎል ያለው ነገር ከባሕር ካልመጣ አልበላም" አሏት። ጸሐፊዋ ደግሞ የቀረችው ይህንን ቃለ ጉባኤ ለመጨረስ ነው።

ሁለተኛ ጥሪ

የአዳራሹ ሰዓት ማንም ሳይገፋው 11፡30 ሞላ።

ጸሐፊዋ የጥሪውን ወረቀት ደግማ አነበበች። ሁለተኛው ጥሪ ለ11፡30 ነው። የተሰረዘው ከዚያ በፊት የተወሰነው እንጂ ጥሪው አይደለም። አንቀጽ 12 መናገርን እንጂ በጣት መጠቆምን ስለማይከለክል፣ ጸሐፊዋ የደንቡን መጽሐፍ ይዛ ዶኛ ካሲልዳ ዘንድ ሄዳ መጀመሪያ አንቀጽ 4ን፣ ቀጥላ የግድግዳውን ሰዓት፣ ቀጥላ አንቀጽ 9ን ጠቆመች። አንቀጽ 9 ሊቀ መንበሩ በሌሉበት ከተገኙት በዕድሜ የሚበልጠው ይሰበስባል ይላል።

ዶኛ ካሲልዳ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም ቀስ ብለው አዩ። "የመጣው ሰው፣ ስንትም ይሁን ስንት" የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡ። ቀጥለው "ታዲያ የመጣሁት እኔ ነኛ?" አሉ። ጸሐፊዋ በእስክሪብቶዋ "አዎ" ብላ ጻፈችላቸው።

ሰብሳቢዋ ወደ ሊቀ መንበሩ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። የእሁዱ ጉዞ አጀንዳ ተነበበ። ተቃዋሚ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሰብሳቢዋ እጃቸውን ወዲያው አላነሡም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ "ሄጄ ሳየው ትንሽ ቢሆንስ?" አሉ። "እኔ እኮ 41 ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ሳሰፋው ነው የኖርኩት። ቢያንስብኝስ?"

በዚህ ላይ ጸሐፊዋ የደንቡን አንቀጽ 12 ጥሳ፣ በጸሐፊነቷ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ትልቅ ነው፣ ዶኛ ካሲልዳ። አያንስብዎትም" ስትል ተናገረች።

ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሡ። ማኅበሩ እሁድ ጁን 8 አልሙኜካር እንዲሄድ በአንድ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ለፈጸመችው ጥፋት፣ በጉዞው ቀን ከዶኛ ካሲልዳ ጎን ተቀምጣ፣ ባሕሩ እስኪታይ ድረስ እንዴት እንደሚመስል ያለማቋረጥ እንድታወራ ተፈርዶባታል። ጸሐፊዋ ይግባኝ አልጠየቀችም።

ውሳኔው ሰልፉ ላይ አራተኛ ለሆኑት ለሊቀ መንበሩ በመስኮት ተነግሯቸዋል። ዶን ኤቫሪስቶ "የዋና ልብስ የለኝም እኮ!" ብለው ከአደባባዩ ጮኸዋል። ተቃውሞው ከአዳራሹ ውጪ የቀረበ በመሆኑ አልተመዘገበም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡41 ተዘጋ። ሰዓቱን የነካው የለም።

ቪሲታሲዮን ሉኬ፣ ጸሐፊ