እማማ ውዴና የማዳጋስካር አማቻቸው

ደብረ ታቦር ላይ ሻንጣ አዝለህ በእግርህ ስትሄድ የታየህ እንደሆነ «ምነው፣ ባጃጅ ጠፋ?» የማይልህ የለም። እኛ ዘንድ የሚታዘለው ልጅ ነው፤ ቢበዛ እንጨት። ለመዝናናት ብሎ ዕቃ የሚያዝል ጤነኛ ማን አለ? ማዳጋስካር የምትባል ደሴት ልንሄድ ነው፣ ሻንጣችንን አዝለን ከከተማ ከተማ ልንዞር ነው ብዬ ለጎረቤቴ ብነግራት «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» አለችኝ። መታመሜን የነገርኳት ይመስል።

ጠንሳሿ ጓደኛዬ መሠረት ናት። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የጉና ብርድ አጥንቷ ድረስ ገብቶባታልና ክረምቱን ሙቀት ወዳለበት እንሽሽ አለች። ባለቤቴ ዘላለም ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። እህቱ ብርቱካን አዲስ አበባ ስትሠራ ለሥልጠና የመጣ የማዳጋስካር ሰው ተዋውቃ፣ አግብታው አገሩ ገብታለች።

እናታቸው እማማ ውዴ ጋብቻውን አልባረኩም። ልጃቸውን በስልክ እንኳ አያናግሯትም። የጉዟችንን ነገር ሲሰሙ ግን «እኔም አለሁበት» አሉ። ልጅዎን ሊያዩ ነው ወይ ብላቸው፣ «የለም፣ ባሕር ለማየት ነው» አሉኝ።

እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የቋንቋውን ነገር ለእኔ ተዉት ብዬ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደወጣን እንግሊዝኛዬ አለቀ። አገሩ የሚናገረው የራሱን ቋንቋ ነው፤ ካልሆነም ፈረንሳይኛ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔ ቁርበቱን በምን ቃል ልጠይቅ? አንድ ቦታ አልጋ ፈልጌ፣ እጄን ጉንጬ ሥር አድርጌ ባሳያቸው ድንች ቀቅለው አመጡልኝ። ድንቹ ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ የወረድነው ማሃጃንጋ ነው፤ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተማ። ዘላለም ጉናን በእግሩ የወጣ ሰው መሆኑን መንገድ ሙሉ ሲነግረን ነበርና፣ ከሚኒባሱ ስንወርድ የእናቱንም የእኔንም ሻንጣ በራሱ ላይ ደረበ። ሙቀቱ እንደ ቀጠነ ሊጥ አደረገው። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተዘረረና መሠረት ታራግበው ጀመር።

እማማ ውዴ ባሕሩ ጫፍ ሄደው ቆሙ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«ይህን ሁሉ ውሃ በጨው ማበላሸት ምን ይሉታል?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ባሕር ለማየት የመጡት ሴትዮ ያዩት ይኸው ነው። ትንሽ ቆይተው «ብርቱካን ያለችበት ሩቅ ነው?» አሉኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእሳቸውን ያወጣው ጨው ነው።

ብርቱካን የምትኖረው ደጋው ላይ፣ አንትሲራቤ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ጉም መጣ፣ የድንች ማሳ መጣ፣ ሻኛቸው የቆመ በሬዎች መጡ። መሠረት ከብርድ ሸሽቼ ብርድ ገባሁ ብላ ሹራቤን ቀማችኝ። እማማ ውዴ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም።

ብርቱካን በር ላይ ጠበቀችን። እናቷ ሳሟት፤ አሳሳማቸው ግን የለቅሶ ቤት ነበር። ባሏ ራኩቶ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ተለማምዶ ቆይቷል፤ አሳምሮ አላት። እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ የእማማ ውዴ እኩያ ናቸው። ምሳ ቀረበ፣ በላን፣ እጃችንን ታጠብን። ያን ጊዜ እማማ ውዴ፣

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ። ዕቃዋን ታሰናዳ» አሉ።

ዘላለም ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ። ብርቱካን፣

«እማዬ፣ ቤቴ እኮ እዚህ ነው» አለች።

«ቤቴ? ስትታመሚ ማን ያስታምምሻል? ስትወልጂ ማን ያርስሻል?»

ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። ራኩቶ ሚስቱን ያያል፣ አማቱን ያያል፤ የሚነግረው የለም። እኔ ላስታርቅ ብዬ ስለ ትዳር አንድ ሁለት ነገር ተናገርሁ። «አንቺ ዝም በይ» አሉኝ።

የራኩቶ እናት ከመቀመጫቸው ተነሡ። የተባለው አልገባቸውም። የገባቸው፣ አንዲት እኩያቸው ጉልበታቸውን ይዘው ማቃሰታቸው ነው። መጡና የእማማ ውዴን እጅ ይዘው አስነሷቸው፤ ወደ በሩ ይዘዋቸው ሄዱ። እማማ ውዴ እጃቸውን ሊያስለቅቁ ትንሽ ታገሉና ተከተሉ። እኔም ልከተል ስል ሁለቱም በእጃቸው መለሱኝ።

ለካስ ከተማው ፍል ውሃ አለው። እማማ ውዴ ዘንድሮ እኛ አገር ወንዛዬ ፍል ውሃ ሳይወርዱ ቀርተው ጉልበታቸው እንዳመማቸው ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ተጨንቀን ስንጠብቅ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡ። የእማማ ውዴን ነጠላ የራኩቶ እናት ለብሰውታል። እማማ ውዴ በአማርኛ ያወራሉ፤ እሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። አንዳቸውም ሌላዋ እስክትጨርስ አይጠብቁም።

እማማ ውዴ ገብተው ተቀመጡ።

«ብርቱካን» አሉ።

«አቤት።»

«ስትወልጂ ይህች ሴት ታርስሻለች። ነግራኛለች።»

ብርቱካን አማቷን አየች፤ ቀጥሎ እጇ ሳይታወቃት ሆዷ ላይ ሄደ። ማርገዟን ከባሏና ከአማቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዘላለም እህቱን አቀፋት። እናትየው «ነይ እስቲ» ብለው እንደገና ሳሟት። ይኼኛው ስሞሽ የቤታችን ነበር። በምን ቋንቋ እንደነገሯቸው እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ልጄን ልውሰድ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። መሠረት ሌላ ሞቃት ዳርቻ አለ ብላ ስታስነሳን፣ እማማ ውዴ «እናንተ ዙሩ» ብለው ከአማቻቸው፣ ከራኩቶ እናት ጋር ቀሩ። እኛ ሻንጣችንን አዝለን ደሴቱን ስንዞር እሳቸው ፍል ውሃቸውን ሲታጠቡ ከረሙ። ልንወስዳቸው ስንመለስ ሁለቱ ተላቀሱ።

አሁን እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በስልክ ያወራሉ። የሚያወሩት ረጅም ነው፤ ይሳሳቃሉም። እኔ ቋንቋ ሰውን ያቀራርባል እያልሁ ተማሪ አስተምሬ የምበላ ሰው፣ አጠገባቸው ተቀምጬ አያለሁ። ከዘላለም ጋር ከተጋባን ጀምሮ እሳቸውና እኔ በአንድ ቋንቋ ስናወራ ኖረን፣ አንድ እሑድ እንዲህ ስቀን አናውቅም። ፈረንሳይኛ ልማር ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ከእማማ ውዴ ጋር ለመግባባት የሚሻለኝ አማርኛውን መርሳት ነው።