ክቡር አቶ መነሻ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ጣሪያ ሊያለብስ ሲሯሯጥ ገና የመሠረቱን ድንጋይ የሚያገላብጥ አንድ ሰው አይጠፋም። የአንድ ጋዜጣን ድረ ገጽ ለሚሠሩት ሰዎች የደረሷቸው ክቡር አቶ መነሻ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው።

እሳቸው ዘንድ የፊደሉ ዓይነት፣ መጠን፣ ቀለምና የመስመሩ ርቀት የሚወሰነው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መነሻው በሚሉት የድረ ገጹ የመጀመሪያ ትእዛዝ ላይ። የቀረው ገጽ ሁሉ፣ ልጅ የአባቱን መልክ እንደሚወርስ፣ ከዚያ ይወርሳል። አንዱን ርእስ ለብቻው ቀይ የቀባ ሰው ካለ ወንበራቸውን እየጎተቱ ይመጡና «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። የስፖርቱ አዘጋጅ የቡድኑን ድል በወፋፍራም ፊደል ቢጽፍ፣ ከምሳ ሲመለስ ድሉ እንደ ሐዘን መግለጫ ቀጥኖ ጠበቀው። ሞተናል እንዴ ብሎ ቢያኮርፍም ዞር ብለው አላዩትም።

አጠገባቸው የምትቀመጠው ወጣት ሥራውን የተማረችው ከእሳቸው ነው፤ ቁጣቸውንም ጠግባዋለች። ፊደሉ በየጊዜው እያደገ መሄዱን ያወቀችውም እሷ ብቻ ናት። መነሻው ሲጨምር ርእሱም፣ ዜናውም፣ የፎቶው መግለጫም አብሮ ስለሚያድግ ሌላው ልብ አላለም። እሷ ግን የአቶ መነሻ ግንባር የኮምፒውተራቸውን መስታወት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አየች። ፊደሉን ማን እያሳደገው እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባት።

በመጨረሻ ኃላፊው ስልኩን ይዞ መጣ። የስልኩን ፊት አንድ ርእስ ብቻውን ሞልቶት ነበር። አንባቢ እየሸሸ ስለሆነ ዛሬውኑ ይቀነስ አለ፤ ይህን ያደረገ ሰው ዓይኑ ካላየለት ሥራውን ለሚያይ ሰው ይልቀቅ ብሎም ወጣ። ክፍሉ ሳቀ። አቶ መነሻ አልሳቁም። ከዚህ ሌላ የሚያውቁት ሥራ የላቸውም፤ ጡረታውም ገና ሩቅ ነው።

እሳቸው ደጅ ወጥተው ሲቆዩ ወጣቷ የድረ ገጹን መነሻ ወደ ድሮው መለሰችው። ቀጥላ በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ማንኛውም ገጽ በትልቁ እንዲነበብ አደረገች። ያው ገጽ ለሰው ሁሉ ትንሽ፣ ለእሳቸው ትልቅ ሆነ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ወደ መስታወቱ ሳይጎነበሱ አነበቡ፤ ያንኑ ገጽ በእሷ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ሆኖ አዩት። ያለ ፈቃዳቸው ፊደል የነካ ሰው ምን እንደሚወርድበት ታውቃለችና አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ሲብስብኝስ?» አሉ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እጨምርልዎታለሁ፣ ጋሼ።»