ሳይደርስ የደረሰው ውሃ

ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ቧንቧ ዘርግቶ ሕዝብን ውሃ ማጠጣት ማንም ተራ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሥራ ነው። ያለ ጉድጓድና ያለ ቧንቧ፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ብቻ ሰፈር ሙሉ ማጠጣት ግን ለተመረጡ ሰዎች የተሰጠ ጸጋ ነው። ውለታ ቢስ ትውልድ እንዳንባል፣ ከነዚያ የተመረጡ ሰዎች የአንዱን፣ የሪፖርት አዘጋጁን ገድል እነሆ እንተርካለን።

ሪፖርት አዘጋጁ በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ በቅጡ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጽፍ የሸበተ ትጉህ ሰው ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቀጥሎ የመምሪያ ኃላፊው ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። በዚያ ባለፈ ቁጥር ባለ ጎማዋን ወንበር በበሩ ክፍተት አየት ያደርጋታል፤ አንድ ቀን እቀመጥባታለሁ ብሎም ይመኛል። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። የቤታቸውን የፊት ክፍል ከፍታ፣ ሁለት መስተዋትና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አስቀምጣ ትሠራለች። የሰፈሩ ፓምፕ ከተቃጠለ ወዲህ ግን ከቧንቧዋ የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ሥራዋን ያቆየላት መሥሪያ ቤቱ አልፎ አልፎ የሚልከው የውሃ ቦቴ ነበር።

«እባክህ ለአለቃህ ንገረው» ትለዋለች፣ ቢጫ ጀሪካኖቿን በግድግዳው ሥር እየደረደረች። «ደንበኞቼ አንድ በአንድ ወደ ማዶ ሰፈር እየሄዱ አለቁ። ይሄ ቤት ከተዘጋ እኔ ምን ይውጠኛል?»

«አዲስ ፓምፕ ተጠይቋል። በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደቱ ፀጉር ያጥባል?»

በዚህ መሃል ዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ አዘዘና አሠልጣኝ ላከ። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ ከፊት ወንበር የማያልፍ ሰው ነበር። በሥልጠናው መጨረሻ፣ የሻይ ሰዓት ሲቃረብ፣ «ሆፕ» ስለሚባለው ግስ ጥቂት ተናገረ። «ሆፕ ማለት ተስፋ ማድረግ ነው» አለ። «የሚገርመው፣ እሱን ተከትሎ በሚመጣው ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነገሩ ገና የወደፊት ቢሆንም እንኳ፣ ብዙ ጊዜ አሁን እንዳለ ተደርጎ ነው የሚነገረው። ነገ ይሠራል ብለው ተስፋ ስላደረጉት ፓምፕ ሲያወሩ፣ ዛሬ ለሚሠራ ፓምፕ የሚሆነውን ቃል ነው የሚጠቀሙት።»

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ማለት፣ የሠለጠነ ሕዝብ ተስፋ ያደረገውን ነገር እንደ ተፈጸመ ቆጥሮ ነው የሚናገረው?»

«በሰዋስው ደረጃ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። ደግሞም ተስፋ የሚለው ቃል ራሱ ከፊት ካልገባ...»

ሻይ መጣ። የአሠልጣኙ ቀሪ ቃል በብርጭቆ ኳኳታ ተዋጠ። ብዙ ታላላቅ መመሪያዎች የወጡት ቀሪው ሳይሰማ ስለሆነ ማንም አልተጨነቀም።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። «የተከበራችሁ ባልደረቦቼ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እስከ ዛሬ ወደኋላ ያስቀረን የፓምፕ እጥረት አይደለም፤ የአነጋገር እጥረት ነው! ‹ሊጠገን ታስቧል›፣ ‹ሊደርስ ይችላል› እያልን የራሳችንን ውጤት በገዛ አፋችን ስናርቀው ኖረናል። ከእንግዲህ ተስፋ ያደረግነው ሁሉ አሁን ነው!»

ጭብጨባው ሲበርድ አንድ ቴክኒሺያን እጁን አወጣ። «ፓምፑ ግን ተቃጥሏል እኮ።»

«ይህ የትናንት አስተሳሰብ ነው» ተባለ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም በትናንትነቱ ተመዘገበ።

ሪፖርት አዘጋጁ ሥራውን ጀመረ። «የሰፈሩ ፓምፕ እየሠራ ነው፣ ውሃውም በየቤቱ እየደረሰ ነው ብለን ተስፋ እናደርጋለን» ብሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«‹ተስፋ እናደርጋለን› የምትለዋ በየመስመሩ እየገባች ወረቀት ትጨርሳለች። አንዴ ሽፋኑ ላይ ትቀመጥ፤ ለሁሉም ትበቃለች።»

ሽፋኑ ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ግን የሥራ አስኪያጁ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ መጣ፤ ሽፋኑም ሁለቱን አልችል አለ። ተስፋ ተነሥታ ለሥራ አስኪያጁ ቦታ ለቀቀች። የቀረው «ፓምፑ እየሠራ ነው፤ ውሃው በየቤቱ እየደረሰ ነው» የሚለው ነበር።

እዚህ ላይ የአዘጋጁ እጅ ቆም አለ። የሚስቱ ቢጫ ጀሪካኖች ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት፤ እውነቱን ለመናገር፣ አፈረ።

«ጌታዬ፣ እኔም እዚያው ሰፈር ነው የምኖረው። እስካሁን እንኳ ጠብታ...»

«የመምሪያ ኃላፊ እንዲህ አይናገርም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ረጋ ብሎ።

የመምሪያ ኃላፊ! ኀፍረቱ እንደመጣ ተመለሰ። አዘጋጁ ሪፖርቱን አትሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ላከው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ተደነቀ። የምስጋና የምስክር ወረቀት አዘጋጀ፤ ዜናው በራዲዮ ተነበበ። አስተዋይ መሥሪያ ቤት ነውና በዚህ አላበቃም፤ የሚሠራ ፓምፕ እያለ ሌላ መግዛት ብክነት ነው ብሎ የተጠየቀውን ፓምፕ ሰረዘ። ውሃ ለጠገበ ሰፈርም ቦቴ መላክ ቅብጠት ነው ብሎ ቦቴውን ወደ ሌላ ቦታ አዞረ።

«ራዲዮው ውሃ ደረሰ ሲል ሮጬ ቧንቧውን ከፈትኩት» አለችው ሚስቱ ማታ።

«እና?»

«አፏጨብኝ። ቦቴውም ቀረ። አንተ ነህ የጻፍከው?»

አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ ነገሩን በአማርኛ ስለምታስቢው ነው። በእንግሊዝኛ ብታስቢው ውሃው አለ።»

«እናቴ ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ትል ነበር። ይኸው የላሟን እረኛ አገባሁ» አለች ሚስቱ። «ስማ፣ የቀረችኝ አንዲት ጀሪካን ናት። እሷ ካለቀች ቤቱን ዘግቼ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ።»

የምስክር ወረቀቱ የሚሰጥበት፣ ሹመቱም የሚነገርበት ቀን ደረሰ። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ለበዓሉ ልታምር ወደ ፀጉር ቤቱ መጣች።

«እትዬ፣ ውሃ እንደልብ የለም፤ ዛሬ ይቅርብዎት» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ።

«ባለቤቴ ደርሷል እያለ? ዋሸ ልትይኝ ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ ምን ትበል? ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣች ደንበኛ ናት፤ ጀሪካኗም አለች። ፀጉር የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ቀባቻት። መድኃኒቱ ማቃጠል ሲጀምር ጀሪካኗን ልታነሣ ጎንበስ አለች። ጀሪካኗ እንደ ላባ ብድግ አለችላት። ባሏ ጠዋት ለሹመቱ ሲል ገላውን ታጥቦባታል።

በአዳራሹ ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጀምሯል። አዘጋጁ የፊት ወንበር ላይ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ተቀምጧል። «ዛሬ በየቤቱ ውሃ...» ሲል በሩ ብርግድ አለና ራሷ ነጭ በነጭ የሆነች ሴት እየጮኸች ገባች።

«ውሃ! ራሴ ነደደ!»

«ማናት ይቺ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሚስትህ ነኛ!»

ከኋላዋ ተከትላት የገባችው ፀጉር ሠሪ ማንንም አላስፈቀደችም። እንግዶቹ ፊት የተደረደረውን የታሸገ ውሃ እየከፈተች፣ የሴትዮዋን አንገት በመዳፏ ደግፋ አጠበቻት። ግንባሯ ላይ የነበረው ፀጉር ግን ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ በነበረው የምስክር ወረቀት ላይ ወደቀ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለዚህ መሥሪያ ቤት ምስጋና ይግባውና፣ በዚያ አዳራሽ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ታወቁ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዳ ጫማቸውን ከእርጥቡ ምንጣፍ አሸሹ። «ሰፈሩ ውሃ የለውም እንዴ?»

«አለው ብለን... ተስፋ እናደርጋለን» አለ ሥራ አስኪያጁ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ ፊት ወንበር ቀሰረ። «ቃሏን ከሪፖርቱ ያወጣት እሱ ነው!»

አዘጋጁ አፉን ከፈተ፤ ቧንቧው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ወጣው። ባለ ጎማዋ ወንበር ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ እዚያው ተነገረ።

አመሻሹ ላይ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በፀጉር ቤቱ በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከቁልፉ በላይ «ክፍት ነው» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። የመኖሪያውን በር ገፋ አደረገው። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«እኔ ነኝ። በሩን ክፈቺልኝ» አለ።

«የምን መክፈት ነው? ገብተሃል እኮ» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

«ኧረ ውጭ ነኝ!»

«አንተ በአማርኛ ስለምታስበው ነው።»