የእድሩ መኪና መሪ

በደብረ ሲና የአንድ ሰፈር እድር አንድ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረው። ሬሳ ያደርሳል፣ በሽተኛ ያመላልሳል፣ ድንኳንና ድስት ይጭናል። ዳገት ሲወጣ ጭሱ ሰፈሩን ያለብሰዋል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሊቀመንበሩ በአቶ ወንድይፍራው አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ሊቀመንበሩ እሳቸው፣ ሹፌሩም እሳቸው ናቸው።

ክፉ ሰው አልነበሩም። መኪናውን ይወዱታል። ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀብተውታል፤ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ። በተቀባ ቁጥር ሰፈሩ ወጥቶ አጨብጭቧል። ቀለሙ ይለዋወጥ እንጂ መሪው ያው የድሮው ነበር። የፊት መስታወቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት የሚወለውሉት የኋላ ማሳያውን ነው። «ከየት እንደመጣን ካላየን ወዴት እንደምንሄድ በምን እናውቃለን?» ይላሉ። ሰውም እውነትም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር።

ነገሩ የተነሳው በሐምሌ ነው። ጥሩዓለም የምትባል የሰፈሩ ልጅ ምጥ ያዛትና አቶ ወንድይፍራው ፈጥነው ደረሱላት። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ አዞሩት፤ መኪናው ወደ ግራ ሄደ። እንደገና አዞሩት፤ አልሰማም። ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። በመኪናው የተጎዳ ሰው አልነበረም። ጥሩዓለምን ግን በቃሬዛ አንስተው ሲሮጡ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ መንገድ ዳር፣ በዶፍ ዝናብ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወጥረው በከለሉላት ቦታ ወለደች። እናትም ልጅም ተረፉ። አቶ ወንድይፍራው በማግስቱ ሲጠየቁ «ዝናቡ ነው» አሉ።

በዚህ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ መኪናው ይታደስ ወይስ በሌላ ይቀየር?

አዛውንቶቹ ይታደስ አሉ። «ሞተሩ እኮ የጥንት ብረት ነው፤ እንዲህ ያለ ዛሬ ከየት ይመጣል? ስንቱን ዳገት አብረን ወጥተን አሁን እንጣለው?»

ወጣቶቹ ይቀየር አሉ። «እናንተ ለቀብር ስለምትፈልጉት አትቸኩሉም፤ እኛ ግን ለመድረስ ነው የምንፈልገው።»

ከመካከል አንዱ ተነሥቶ «አዲስ እየተባለ ወደዚህ የሚመጣው ሁሉ ሌላ አገር ነድተው የጠገቡት ነው፤ መለዋወጫ እንኳ ሲጠፋ እነሱኑ ልንለምን ነው» አለ። ይሄኛውን ሁለቱም ወገን ጮኾ አስቀመጠው።

ጭቅጭቁ ሲበዛ ሜካኒኩን ጋሽ በልሁን አስነሡ። ጋሽ በልሁ ከመኪናው በቀር ስለ ምንም የማይናገር ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«አካሉ ደህና ነው» አለ። «ዝገት ቢኖርም ከውጭ ነው። ሞተሩም ይሠራል፤ ብዙ ችሎ ነው እንጂ አልሞተም። የላሸቀው መሪው ነው።»



«እንዴት ላሸቀ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ብዙ ዘመን በአንድ እጅ ስለተያዘ፣ ጋሼ። አሁን ለብቻው ነው የሚዞረው። እሱ ያዘዘ ይመስለዋል፤ ከታች ግን የሚሰማው የለም።»

አንድ ሰው በሳል አመካኝቶ ሳቁን ዋጠ። የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት የሻረግ፣ ቀና ሳትል ትጽፋለች።

አቶ ወንድይፍራው ግን ደስ አላቸው። መኪናው ሊወሰድባቸው ነው ብለው ሰግተው ነበር፤ ጉዳዩ በአንድ ዕቃ ሊያልቅ መሆኑን ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን ያጨቃጭቀናል?» አሉ ከፍ ባለ ድምፅ። «መኪናው የጋራችን ነው፤ ይቆይ። ሞተሩም ይቆይ። መሪው ይቀየር! እኔ ራሴ ሐሳቡን አቅርቤያለሁ፤ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» አሉና ከሁሉ በፊት የራሳቸውን እጅ አወጡ።

ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ጥግ የተቀመጡት ሴቶችም፣ አንድ ሳይቀር እጁን አነሣ። ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተጨብጭቦላቸው አያውቅም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መምህርት የሻረግ ቃለ ጉባኤውን አቀረበችላቸው፤ ፈረሙና ማኅተሙን አሳረፉበት።

እሷም መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። «በሊቀመንበሩ አቅራቢነት መሪው እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ስለዚህ ወደ ምርጫው እንለፍ።»

«የምን ምርጫ?»

«የመሪው ነዋ።»

አቶ ወንድይፍራው ዙሪያቸውን አዩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። «እኔ ያልኩት የመኪናውን ነው!» አሉ።

«አያስቡ፣ ጋሼ» አለ በልሁ፤ «የመኪናውንም እንቀይራለን።»

ሳቁ ፈነዳ። እሳቸው ፊታቸው ቀላ፤ ቃለ ጉባኤውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። ሊቀድዱት ይሆናል ብሎ ሁሉም ጠበቀ። ያን ጊዜ ጥሩዓለም ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሣች። አልጮኸችም።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ የዚያን ቀን እርስዎ እንደ ደከሙ አይቻለሁ። በሁለት እጅዎ ነበር የሚያዞሩት። የሚሰማዎት ቢኖር ኖሮ ባደረሱኝ ነበር።»

ይህ ከሳቁ ሁሉ በለጠባቸው። ወረቀቱን መልሰው አኖሩት። ሕፃኗን ጥቂት አዩና ክሩን ከአንገታቸው አወለቁ። ክሩ የነበረበት የአንገታቸው ቦታ ነጭ ምልክት ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ጉባኤው ብዙ ዘመን የጭነት መኪና የነዳውን አበጋዝን መረጠ። ጋሽ በልሁ በሳምንቱ አዲሱን መሪ ገጠመ። አበጋዝ ገብቶ ተቀመጠና ወገቡን አመቻቸ።

«ይመቻል፣ ባክህ» አለ ፈገግ ብሎ።

«እኔን የሚያሰጋኝም እሱ ነው» አለ በልሁ። «በየዓመቱ አምጣው፤ ፈትቼ አየዋለሁ።»

የመጀመሪያው ጉዞ ቁልቁል ለለቅሶ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ይቀራሉ ሲባል ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እንደ ሰው ሁሉ ከኋላ ተሳፍረው እንጨቱ አግዳሚ ላይ ከመምህርት የሻረግ አጠገብ ተቀመጡ። መኪናው ኩርባውን በደህና ታጠፈ። ከዚያ ግን ያንገጫግጫቸው ጀመር፤ አንዴ ወደ ላይ ያነሣቸዋል፣ አንዴ ከብረቱ ያጋጫቸዋል። ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ አግዳሚውን በሌላው ጨብጠው ብዙ ከታገሉ በኋላ ወደ እሷ ዞር አሉ።

«መምህርት፣ ይሄ መንገድ እንዲህ ጉድጓድ ነበረው እንዴ?»

«ሁልጊዜም ነበረው፣ ጋሼ» አለች የሻረግ፤ «ወንበሩን ለያዘ ሰው አይታወቀውም እንጂ።»