ነጥቶ የተገኘ ነጭ

የሰው ልጅ በልዩ ልዩ ዘመናት ልዩ ልዩ ታላላቅ ተግባራትን ፈጽሟል። በማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ያለችው የወደብ ከተማችን ደግሞ በበኩሏ የውሻን ቀለም አጣርታለች። ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ ቀይ አቧራ፣ ውሃው በወረፋ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም በሆነበት ከተማ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ ስለ ውሻ ጠጉር ብቻ ማሰብ ከፍ ያለ የዓላማ ጽናት ይጠይቃል።

ውሻችንን ዓለም ያውቀዋል። ትንሽ ነው፤ ጠጉሩ ረጅምና ለስላሳ፣ ነጭ በነጭ ስለሆነ የጥጥ ውሻ ይባላል። የባሕር ማዶ የውሻ አዋቂዎች በመጪው ዓመት መጥተው በትውልድ ቦታው ውድድር ሊያዩ መሆኑ በተሰማ ጊዜ፣ የነጭ ውሾች ንጽሕና አስጠባቂ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ የሲሚንቶ ነጋዴው ማንጃሪ ሲሆኑ፣ ጸሐፊው ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣው ፋኑሜዛ ነበር። ፋኑሜዛ ጸሐፊ የሆነው የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምርና እምቢ ማለት ስለማይሆንለት ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወደ ቤቱ ሲገባ የምትቀበለው ላንዲ የምትባል ቡችላው ብቻ ነበረች። ላንዲ ጆሮዋ ላይ የደረቀ ትምባሆ የመሰለ ቡኒ አለባት። እግሩ ላይ ካልተጋደመች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እሱንም አይወስደውም።

ሊቀመንበሩ በምሥረታው ስብሰባ ላይ እንደ አገራችን ደንብ ንግግራቸውን በይቅርታ ጀመሩ። ቀድመዋቸው የመናገር መብት ያላቸውን ሽማግሌዎች ይቅርታ ጠየቁ። ወጣቶችን ይቅርታ ጠየቁ። ሙታንን ይቅርታ ጠየቁ። ስብሰባው የተደረገበትን የሮቃ ዛፍ እንኳ ጥላውን ስለተጋፉት ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ ያልጠየቁት ሊያደርጉት ላሰቡት ነገር ብቻ ነበር። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ነጭ ማለት ነጭ ሆኖ የተወለደ ነው!» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ፋኑሜዛ እጁን አወጣ።

«ጌታዬ ሊቀመንበር፣ ሁሉም እኮ ሲወለዱ ነጠብጣብ አለባቸው። ዓመት ሲሞላቸው ነው የሚነጡት።»

«ይሄን የማላውቅ መሰለህ? ሲሚንቶ ብሸጥ ዕውር አይደለሁም።»

«እንግዲያው…»

«እንግዲያውማ ንገረኝ። ከምን ተነስተው ነው የሚነጡት?»

«ከ… ከቡኒ።»

«ጨረስን! ቡኒ ናቸው። ነጥተው ሊያታልሉን ነው። ጻፍ!»

ጻፈ። በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፉ።

ማጣራቱ በሰፊ ሕዝባዊ ተሳትፎ ተከናወነ። ያደጉት ውሾች ሲታዩ ሁሉም ነጭ ስለነበሩ ኮሚቴው ወደ ልደት ታሪካቸው ገባ፤ ለዚህ ደግሞ እንደ ጎረቤት ያለ ምስክር የለም። በዶሮ የተኳረፉ ሰዎች በውሻ ተበቃቀሉ።

«የሷ ውሻ? ስትወለድ ጀርባዋ ግራጫ ነበር! በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁት!»

«ያንተውስ? ቡራቡሬ ጊደር አይመስልም ነበር?»

ሊቀመንበሩም የገዛ ውሻቸውን አሳልፈው ሰጡ። እርግጥ ከመሄዷ በፊት አንድ ፍጹም ነጭ ቡችላ ወልዳላቸው ስለነበር ሐዘናቸው ቶሎ በረደ። ስሙንም ፉጺ፣ ማለትም ነጭ፣ አሉት። ቡኒ የተባሉት ውሾች ሁሉ በታንኳ ተጭነው ከሰላጤው ማዶ ወዳለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ተጋዙ። አዋጁን በእጁ የጻፈ ሰው ላንዲን ደብቆ ሊያስቀር አልቻለም። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እዚያው መንደር ለምትኖረው ለሚስቱ ታናሽ እህት ለሶአ አደራ ሰጣት። ቤቱ ተመልሶ ሩዙንና ደረቅ ዓሣውን አቀረበ፤ አልወረደለትም።

ፉጺ ግን አደገ። ማደጉንም አላቆመም። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጠጉሩ እንደ ፍየል አጠረ፤ ቁመቱ ከሊቀመንበሩ ጉልበት ሲያልፍ የሪክሾ ጋሪ ጎታቾችን ማባረር ጀመረ። «ቁርጥ የሥጋ ሻጩን ውሻ!» ያሉ ምቀኞች አልጠፉም። ሊቀመንበሩ ንቀው አለፏቸው።

«የተቋቋምነው ለቀለም ነው» አሉ። «የጠጉርን ርዝመት የሚያጠና ኮሚቴ ወደፊት ሊቋቋም ይችላል።»

ውድድሩ ሲቃረብ ሊቀመንበሩ አንድ ነገር ታያቸው። ተወዳዳሪው ፉጺ ብቻ ነው። አንደኛ ለመውጣት ደግሞ ቢያንስ አንድ ተሸናፊ ያስፈልጋል። ፋኑሜዛን ጠሩና፣ «ማዶ ተሻገርና አንድ የሚሸነፍ አምጣ» አሉት።

መንደሩ በነጭ ውሾች ተሞልቶ ነበር። መረብ ላይ ተኝተዋል፤ በተገለበጡ ታንኳዎች ሥር ይተራመሳሉ። ሶአ ዓሣ እየከተፈች ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ደግሞ ማንን ልታባርር መጣህ? ዓሣዎቹንም አሰልፍልህ?»

«ላንዲ አለች?»

«ቡኒዋን ነው? ይኸው፤ ለይተህ ውሰዳት።»

ሊለያት አልቻለም። እሷ ግን ለየችው። አንድ ነጭ ነገር ከመረቡ ላይ ተስፈንጥሮ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ፋኑሜዛ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ሶአም ቢላዋዋን አስቀምጣ መቀለዷን ተወች።

በውድድሩ ቀን ከባሕር ማዶ የመጡት ሴትዮና ሰውዬ ላንዲን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይቺ ናት! የመጣነው ለዚች ነው!» አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ፉጺን አየት አድርገው፣ «የጥበቃ ውሻችሁ ግን ያስፈራል» አሉ።

ሊቀመንበሩ ሁኔታውን በብስለት ገመገሙ። የፋኑሜዛን ክንድ ይዘው ወደ ዳር ሳቡት።

«ስማኝ ወንድሜ። ነጭ ሆና ነው የተወለደችው በል። የዘሩ እናት ትሆናለች። እኔ ግቢ፣ በዘበኛ ነው የምትኖረው። አንተንም ምክትሌ አደርግሃለሁ።»

«እኔ ቤት ብትኖርስ?»

«የሕዝብ ሀብት አንተ ቤት ምን ትሠራለች?»

ፋኑሜዛ ወደ መሐል ወጣ። እንደ ደንቡ በይቅርታ ጀመረ፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹንም ሙታኑንም ዘሎ ወደታቀፋት ውሻ ጎንበስ አለ።

«ላንዲ፣ ይቅር በይኝ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስትወለድ ጆሮዋ ቡኒ ነበር! አዋጁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአዋጁ መሠረት ይቺ ውሻ ቡኒ ናት!»

አዋጅ አዋጅ ነው። ሊቀመንበሩ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ «ይቺን ቡኒ ውሻ ከፊቴ አጥፉልኝ!» ብለው ጮኹ። ፋኑሜዛ ትእዛዙን እየሮጠ ፈጸመ። ፉጺ ያለ ተቀናቃኝ አሸነፈ፤ ዋንጫውን ሊያበረክቱለት የቀረቡትን ሰውዬም ሱሪያቸውን ቀደደ።

ሊቀመንበሩ በዳር ያሉት ቶሎ ተወራና፣ ሕዝቡ ነገሩ ወዲያው ገባው። ነጭ የተባለ ውሻ የሊቀመንበሩ ነው፤ ቡኒ የተባለ ግን የጌታው ነው። ታንኳዎቹ የተጋዙትን ውሾች ለመመለስ ሙሉ ሳምንት ሲመላለሱ ሰነበቱ። ዛሬ በከተማችን በየደጃፉ እንደ ጥጥ የነጣ ውሻ ተጋድሞ ታያላችሁ። ባለቤቱን ቀለሙ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ግራ ቀኙን ይቃኝና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ቡኒ ነው» ይላችኋል። «ነጩማ ሲመጣ ሁላችንም በራችንን እንዘጋለን።»