የእትዬ ዘነበች በር አልባ መኪና

ሰው ሲደኸይ የሚያጣውንና ሲከብር የሚያጣውን መለየት እየከበደኝ መጥቷል። ድሮ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሰው ስታዩ አንጀታችሁ ይንሰፈሰፍ ነበር፤ ዛሬ እንዲያ ያለው ሱሪ የሚሸጠው ዙሪያውን መስታወት በሆነ ሱቅ ውስጥ፣ በር ላይ ዘበኛ ቆሞለት ነው። ድሮ ግድግዳው ያልተለሰነ ቤት እጅ ያጠረው ሰው ቤት ነበር፤ ዛሬ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ፣ ጡቡ ገጦ የሚታይ አፓርታማ ከተለሰነው በላይ ይከራያል። ጥቁር ዳቦውም፣ ስኳር የሌለው ሻይም፣ ጫማ ያለ ካልሲም አንድ በአንድ ወደ ሀብታም ሰፈር ተዛውረዋል። ለድሃው ምን እንደቀረለት እንጃ።

ሰሞኑን ደግሞ ተራው የመኪና በር ሆኗል።

ያቺን ጣራዋ ሸራ፣ ጎኗ ባዶ፣ የፊት መስታወቷ ወደ ኮፈኗ የሚተኛ የድሮ የሥራ መኪና ታስታውሷት ይሆናል። መንገድ ቀያሾችና የከብት ሐኪሞች ሲንገላቱባት የኖረችው ማለቴ ነው። ያኔ በር ያልነበራት ለውበት ብላ አይደለም፤ በር ስለሚያስወድዳት ነው። የተሳፈረባት ሁሉ አቧራ ቅሞ፣ ወገቡን ይዞ ይወርድ ነበር፤ ከሥራ ስትወጣም ያለቀሰላት አልነበረም። እሷ ናት እንግዲህ አሁን የተነሣችው። ሞተሯን አውጥተው ባትሪ ከተውላታል፣ የከረሜላ አረንጓዴ ቀብተዋታል፣ መሪዋን ቆዳ አልብሰውላታል። በር ግን አልጨመሩላትም። ላልተጨመረው በር የሚጠየቀውን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ምሳችሁን በሰላም ብሉ።

ይህን ነፋስ ለሚወድ ሕዝብ መሸጥ ይቻል ይሆናል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ለነፋስ ያለን አቋም የታወቀ ነው። እኛ ቤት ስንሠራ መስኮት የምናወጣው የምንዘጋው ነገር እንዲኖረን ነው። ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀን፣ ላብ በላብ ሆነን ስንሄድ አንዱ ደፋር ጣት የምታህል ክፍተት ቢከፍት፣ ከኋላ ወንበር አንገቱን የጠቀለለ ሰው ብቅ ብሎ «ኧረ ወንድም፣ ነፋሱ!» ይላል። የጎን ውጋት፣ የጥርስ ሕመም፣ የአንገት መጣመም፣ ሁሉም በመስኮት እንደሚገቡ ከልጅነታችን ተነግሮናል። ናይሮቢ መጥተንም አልተሻለንም። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የምትዘጋ ሴት ካያችሁ በአማርኛ ሰላም በሏት፤ አትሳሳቱም።

ስለዚህ እትዬ ዘነበች በር የሌላት መኪና ገዙ ሲባል የናይሮቢ ሐበሻ እንዴት እንደታመሰ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

እትዬ ዘነበች ሁርሊንግሃም ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። ስልሳን ካለፉ ሰንብተዋል። እኔ ከዚያው አቅራቢያ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ስብሰባ ተሰብሳቢ ሆኜ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ምሳዬን ዘወትር እሳቸው ጋ ነው የምበላው። ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሉ ለረጅም ጊዜ ታመው ነው ያረፉት። እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው፣ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ቁጭ ብለው ዓመቱን ገፉት። ሰውም «አይ ጨዋነት!» እያለ ያደንቃቸው ነበር። ሰው ቤቷን ዘግታ የተቀመጠች ሴት ማድነቅ አይሰለቸውም። የሙት ዓመቱ ወጣ፣ ጥቁሩ ወለቀ፣ ወር እንኳ ሳይሞላ ያቺ የከረሜላ መኪና ምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ኤሌክትሪክ የምትሞላበት ገመድ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብቶ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ተሰካ።

ሰው ማድነቁን አቆመ። አንዱ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው አለ። ሌላው ልጅ ሊሆኑ አማራቸው አለ። ከመኪና ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጡት ኖሮ ያለችው ሴት እስከዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ስትሰጥ አይቻት አላውቅም። ምሳ ሊበላ የመጣው ሁሉ ከመግባቱ በፊት መኪናዋን አንድ ዙር ይዞርና፣ የጎደለውን በር ፈልጎ እንዳጣው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይገባል። ምግብ ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

ቢኒያም የተባለው ልጃቸው ግን ወሬ አላወራም፤ እኔ ዘንድ መጣ። ቢኒያም ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ባንክ የሚሠራ፣ አንቱታ ያልለመደበት፣ ግን ደግ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ማዘርን አናግርልኝ፣ ፕሊዝ» አለኝ። መንገድ ሲዘጋጋ ሌቦች እጃቸውን ሰደው ቦርሳዋን ይወስዱባታል፣ ፒኪፒኪ ይገጫታል አለኝ። ፒኪፒኪ የሚሉት ሞተር ሳይክሉን ነው። ምክንያቱን ሁሉ ሲደረድር በእናቱ ያፈረ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዳዲ ከሞተ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ያመኛል» አለኝ። ያን ጊዜ ማላገጤን አቆምኩ። ለጥቂት ደቂቃ።

ሽማግሌ ተባልኩ ማለት ነው። ፀጉሬ ገና ሳይሸብት ለሽምግልና መመረጤ ደስ ብሎኝ፣ ብቻዬን አይሆንም ብዬ ጋሽ ግርማን ጨመርኩ። ጋሽ ግርማ ከአየር መንገድ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ዓመታት ያለፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሻርፕ ከአንገታቸው አይወርድም። የአውሮፕላን መስኮት እንደማይከፈት ሲያውቁ ነው አየር መንገድ የተቀጠሩት ይባላል። ከእሳቸው የተሻለ የነፋስ ጠላት ከየት አመጣለሁ?

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሄድን። እትዬ ዘነበች ገና ስንገባ ገብቷቸዋል። ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ወይዘሮ ዘነበች፣ የመጣነው ስለ…» ሲሉ፣ እትዬ ቁልፋቸውን አንሥተው፣ ሳያዩአት ሊፈርዱባት አይገባም፣ ወጣ ብለን እንነጋገር አሉ። እምቢ ማለት ነውር ሆነብን። ጋሽ ግርማ ሻርፓቸውን አንድ ዙር ጨምረው ጠመጠሙና ከፊት ተቀመጡ። እኔ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ከኋላ አግዳሚዋ ላይ ወጣሁ።

መኪናዋ ድምፅ የላትም። አርጉዊንግስ ኮድሄክ መንገድን ይዘን ስንወርድ የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነበር። ንጎንግ መንገድ ላይ እንደተለመደው መኪናው ሁሉ ቆመ። እኛም ቆምን። አንድ የማታቱ ረዳት በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ጎንበስ ብሎ፣ «ማማ፣ ምላንጎ ኢኮ ዋፒ?» አላቸው። በሩ የት አለ ማለቱ ነው። እትዬ ሳያስቡበት ቤት ትቼው መጣሁ ብለው በስዋሂሊ መለሱለት። ማታቱው ሙሉ ሳቀ። ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት እንዲቀምሱ ብላ በእጃቸው ጨመረችላቸው። ከጎናችን የቆመ ባለ ትልቅ መኪና መስታወቱን አውርዶ ባትሪዋ እስከ የት እንደምታደርስ ጠየቃቸው። የሚሰርቀን እጅ እየጠበቅሁ ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ቀረሁ፤ የመጣው እጅ ሁሉ ሰላምታ ሆነብኝ። ለሪፖርት የማይመች ቀን ነበር።

እዚህ አገር ዝናብ አስጠንቅቆ አይመጣም። ፀሐይዋ እንዳለች ወረደብን። እትዬ መንገድ ዳር፣ የአበባ ችግኝ የሚሸጥበት ትልቅ ዛፍ ሥር አስገብተው አቆሙ። ሸራው ከኋላ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው፤ ተዘርግቶ በዙሪያው በቁልፍ ይያዛል። ያን ዓይነት ዋጋ የጠየቁት ሰዎች አንዱን ቁልፍ እንኳ የሚይዝ አድርገው አልሠሩትም። ጋሽ ግርማ የሚያልፈው ማታቱ ውስጥ ዘለው የሚገቡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወርደው ሸራውን ይጎትቱ ጀመር። ውሃው ከራሳቸው እስከ ጫማቸው ይወርዳል። እትዬ በወዲያኛው ጎን ሆነው፣ «ግርማ፣ ያንን ጫፍ ያዝ!» ብለው ጮኹ።

ያዝ! «ይያዙ» አይደለም። ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጫፉ አልያዝ ሲል፣ ጋሽ ግርማ ትንሽ ቆመው አሰቡና ያንን ሻርፕ ከአንገታቸው ፈቱት። እውነቴን ነው። አንገታቸውን በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደማንኛችንም አንገት ነው። በሻርፑ ሸራውን ከብረቱ ጋር ጠፍረው አሰሩትና፣ እየተንጠባጠቡ ገብተው ተቀመጡ።

ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። መልእክታችንን የማድረሻው ሰዓት ይህ ነው ብዬ የቢኒያምን ስጋት ለእትዬ ነገርኳቸው። ስለ ስልኩም ጭምር።

«ልጄ እውነቱን ነው» አሉ መሪውን እንደያዙ። «ኃይሉ ሲታመም ይበርደው ነበር። ሆስፒታል ስወስደው ዝጊው ይለኛል፣ እዘጋለሁ። ቤት ስንገባ መጋረጃውን ይለኛል፣ እሱንም እዘጋለሁ። አላማርርም፤ ባሌ ነው፤ ዛሬም ቢመጣልኝ እዘጋለታለሁ። ግን አልመጣም። ታዲያ አሁን ለማን ብዬ ልዝጋ?»

ጋሽ ግርማ ናቸው የመለሱት፤ ፊት ለፊታቸው ዝናቡን እያዩ።

«እኔን ዝጋ ያለኝም የለ» አሉ። «ዝም ብዬ ነው የምዘጋው።»

እትዬ ዞረው አዩአቸው። ከዚያ ሳቁ። ጋሽ ግርማም ሳቁ። እኔ ከኋላ፣ እርጥብ አግዳሚ ላይ፣ የሽምግልና ጓዜን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እንዳለሁ ያስታወሰ አልነበረም።

በማግስቱ ሳንባ ምች መታቸው የሚል ዜና ስጠብቅ፣ ተኝቼ የከረምኩት እኔው ሆንኩ። ጋሽ ግርማ ማስነጠስ እንኳ አላስነጠሱም። ከአልጋ ተነሥቼ ምሳ ልበላ ስሄድ፣ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ አገኘኋቸው። የሸራውን ቁልፎች ሊያዩላቸው ብቅ ብለው ነው አሉኝ። በሚቀጥለውም ሳምንት ቁልፎቹን ሊያዩ መጡ። መርከብ እንኳ ያን ያህል ቁልፍ የለውም። አንድ ቀን ታዲያ ፀሐዩ ግንባር ይፈነክታል፣ ደመና የሚባል በሰማይ የለም፣ እትዬ ወደ ጠረጴዛዋ ጎንበስ ብለው፣ «ግርማ፣ ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘብህ» ሲሉ ሰማሁ። ዝናቡን ያለ ጥፋቱ ነው የከሰስኩት።

ቀጥሎ የሆነውን የገመታችሁ ገምታችኋል። ጋሽ ግርማ ጠሩኝ። እንደ ወጣት መሬት መሬት እያዩ፣ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ አሉኝ። ወደ ማን ብል፣ ወደ ቢኒያም። እናቱን ከልጁ መጠየቅ በየትኛው ወግ እንዳለ አላውቅም፤ ግን እትዬ ያለ ልጄ ፈቃድ አይሆንም ብለዋል። በመኪናዋ ጉዳይ ፈቃድ እንዳልጠየቁት ለማስታወስ ቃጥቶኝ ተውኩት።

ንግግር አዘጋጀሁ። ስለ ትዳር ክቡርነት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ምርቃት። ኮት ለብሼ ኪሊማኒ ወዳለው የቢኒያም አፓርታማ ሄድኩ። ጡቡ ገጦ የሚታይ ነው። ወንበር ሲያመጣልኝ እንደ ወጉ እስካልተፈቀደልኝ አልቀመጥም ብዬ ቆምኩ። ልጁ ወንበሩን አልወደደውም ብሎ ሌላ አመጣ።

«በመኪናዋ ጉዳይ ነው አይደል?» አለኝ። «ልትሸጣት ነው?»

የለም፣ በመኪናዋ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ተሸንፈናል፣ የመጣሁት ስለ ጋሽ ግርማ ነው ብዬ ነገሩን ባጭሩ አስረዳሁት፤ ንግግሩን ለኋላ አቆይቼ። ቢኒያም ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ አበሰ። አባቱን ያሰበ መሰለኝ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሊያባርረኝ ይችላል ብዬ በሩን አየሁት። ይህ ቤት በር አለው።

«ስትነዳ አጠገቧ ይቀመጣል ማለት ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩት፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ወንበሩን ለማንም አልለቀቁም።

«ቢዘንብም?»

«ቢዘንብም።»

አሰበ፣ አሰበና፣ «ሳዋ» አለ።

ሳዋ! እሺ፣ ይሁን ማለት ነው፤ ታክሲ ሲዋዋል የሚባል ቃል ነው። «እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» የለም፤ «ቤተ ዘመድ ይጠየቅ» የለም፤ ደጅ መጥናት የለም። አባቶቻችን ወራት የሚፈጅባቸውን ነገር በሁለት ፊደል ጨርሶ ስልኩን አንሥቶ እናቱ ጋ ደወለ። ሲያወራት ሲስቅ ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ንግግሬን ግን አልተውኩለትም። ስልኩን እስኪዘጋ ጠብቄ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።