የሁለቱ ክቡራን እጩዎች ዝውውር

ታሪክ ይመዝግበው ዘንድ፣ ታሪክ ጊዜ ከሌለውም መዝገብ ቤቱ ይመዝግበው ዘንድ፣ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ከተማችን የተከናወነውን ታላቅ የፖለቲካ ማስተካከያ እነሆ እጽፋለሁ። እኔ እሸቴ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። የከሳሹንም የተከሳሹንም እጽፋለሁ፤ የገዢውንም የተቃዋሚውንም ፓርቲ ደብዳቤ የማረቅቀው እኔው ነኝ። ከእኔ የበለጠ ገለልተኛ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው መቃብር ውስጥ ነው።

ከተማችን በውሃ የታደለች ናት። የአዋሽ ወንዝ በሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያልፋል፤ ሲያልፍም እናየዋለን። ወደ ቧንቧችን የሚገፋው ሞተር ግን ከተቃጠለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እስከዚያው ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ቦቴዎቹም የአቶ ኡበይዳ ናቸው።

ከሸራዬ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሰዓዳ ከወሎ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ አይደለም፤ አቧራውን የሚታጠብበት ውሃ ነው። ካጣ ወደ ሚሌ ያልፋል።

«ጋሽ እሸቴ፣ እስከ ረመዳን ሞተሩ ካልመጣ እዘጋለሁ» አለችኝ። «ወላሂ በአንድ ጆግ ስንቱን አስታጥባለሁ?»

በዚህ መሀል ምርጫ ደረሰ። የገዢው ፓርቲ እጩ አቶ ሀሰን የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊም ነበሩ። አዲስ ሞተር እንዲላክ ወደ ሰመራ በተደጋጋሚ ጽፈዋል፤ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ሰማያዊ ቆባቸውን ደፍተው አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ጨበጡና ጮኹ፦

«ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ የለም! ማነው ተጠያቂው?»

ሕዝቡ በጭብጨባ አዳራሹን አናጋው። ከፊት ወንበር የተቀመጡት የፓርቲው ሊቀመንበር ግን ተጠያቂው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ አላጨበጨቡም።

በማግስቱ የተቃዋሚው እጩ አቶ ኡበይዳ ብርቱካናማ ቆብ አድርገው፣ ሦስት ቦቴዎቻቸውን ከኋላቸው አሰልፈው ንግግር አደረጉ። «ወገኖቼ፣ ልማት በአንድ ጀንበር አይመጣም። መንግሥት ጊዜ ያስፈልገዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ውሃው በቦቴ እንደሚሄድ ለመናገር ትሕትናቸው አልፈቀደላቸውም።

ሁለቱም ፓርቲዎች በአስቸኳይ ግምገማ ተቀመጡ። በሁለቱም ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ውሃ የለም ብለዋል» አሉ የገዢው ፓርቲ ሊቀመንበር።

«የለማ!» አሉ አቶ ሀሰን። «እኔም ቤት የለም።»

«ችግሩን ማወቅዎ ችግር አይደለም። ችግሩ በማይክሮፎን ማወቅዎ ነው።»

በተቃዋሚዎቹ ዘንድ ደግሞ አቶ ኡበይዳ ተጠየቁ። «እርስዎ ተቃዋሚ ነዎት። ለመሆኑ የሚቃወሙት ምንድን ነው?»

አሰቡ፣ አሰቡና «ችኮላን» አሉ።

የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አንድ ፍየል በልቶ ከመረመረ በኋላ ሰዎቹ ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው፣ የተሳሳተው ቆባቸው ብቻ እንደሆነ ደረሰበት። ስለዚህ ይለዋወጡ! ደብዳቤውን ጻፍኩ። «ካላቸው የአመለካከት ዝንባሌ አንጻር ለሚመጥናቸው ፓርቲ በዝውውር ተመድበዋል።» በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ኮራሁበት።

ርክክቡ የተፈጸመው ሰዓዳ ምግብ ቤት ነው። አቶ ሀሰን ሰማያዊውን ቆብና ከእሱ ጋር የሚሄደውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ማኅተም አስረከቡ። አቶ ኡበይዳ ብርቱካናማውን ቆብና አንድ ሜጋፎን አስረከቡ። ሁሉም አጨበጨበ። ሰዓዳ ብቻ ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ጋሽ እሸቴ፣ ውሃ የሚፈልገው ሰው ማኅተሙን ውሃ ለሚሸጠው ሰው ሰጠ?»

«አመለካከት ቦታውን ያዘ ነው የሚባለው» አልኳት።

«ሞተሩስ?»

«እሱ አጀንዳ አልነበረም።»

አቶ ኡበይዳ አዲሱን ሥራቸውን በትዕግሥት ጀመሩ፤ በትዕግሥትም ቀጠሉበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከሰመራ ሲመለሱ መንገድ ላይ ግመል የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኙ። አፋር ውስጥ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ አረፍ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ይህ ዳጉ ነው። በማይክሮፎን መዋሸት ፖለቲካ ነው፤ በዳጉ መዋሸት ግን ነውር ነው። አቶ ኡበይዳም የአገሩ ልጅ ናቸው።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉ ሽማግሌው።

አቶ ኡበይዳ የዝናቡን ተናገሩ፣ የግጦሹን ተናገሩ፣ የዘመድ አዝማዱን ጤና ተናገሩ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው «ሌላስ?» አሉ።

«የውሃው ሞተር ደግሞ» አሉ አቶ ኡበይዳ በመጨረሻ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ «ሀሰን በጠየቀው መሠረት መጥቶ ሰመራ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። የመረከቢያው ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልፈረምኩበትም።»

የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሳይደርስ ከተማው ሁሉ ሰማ። ሕዝቡ ጽሕፈት ቤቱን ከበበ። አቶ ኡበይዳ ወጡና በሰው ሁሉ ፊት ፈረሙ፤ ይህም የአመራሩ ቁርጠኝነት ውጤት መሆኑን አስረዱ። ሰዓዳ እልል አለች። በዚያው ቀን አንድ ካርቶን ሳሙና ገዝታ ከመታጠቢያው ሥር ደረደረች።

በማግስቱ አቶ ሀሰን ብርቱካናማ ቆባቸውን አድርገው ሸራዬ ሥር ተቀመጡ። «ጻፍ» አሉኝ። «በምርጫ ዋዜማ ሞተር ማስገባት መራጩን መደለል ስለሆነ፣ ምርጫው እስኪያልቅ ሞተሩ ባለበት ታሽጎ ይቆይ።»

ጻፍኩ። ሰዓዳ ከበሯ ላይ ሆና ሰምታለች።

«አቶ ሀሰን፣ ማነው ተጠያቂው ብለው የጮኹት እርስዎ አልነበሩም?»

«ያኔ የገዢው ፓርቲ እጩ ነበርኩ።»

«አሁን ቤትዎ ውሃ ገባ?»

«አልገባም። ግን መርህ አለ።»

«መርሁ ያስታጥባል?»

አቤቱታው ተቀባይነት አገኘ፤ ሞተሩ ታሸገ። ከዚያ ምርጫው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። ረመዳን ግን አልተራዘመም።

ሰዓዳ ድስቶቿንና ወንበሮቿን ወደ ወሎ በሚመለስ መኪና ላይ ጫነች። ጋቢና ከመግባቷ በፊት ወደ ሸራዬ መጥታ አንድ ሳሙና በእጄ አስያዘችኝ።

«አውፍ ይበሉኝ ጋሽ እሸቴ፤ ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ውሃው ሲመጣ ይታጠቡበታል።»

አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ።

በሳምንቱ ሁለቱ ክቡራን ለማፍጠር በአንድነት መጥተው በሩን ተዘግቶ አገኙት። አቶ ኡበይዳ በጣም ተቆጡ። «ሁለት ዓመት ያለ ውሃ ሠርታ! ማነው ተጠያቂው?» አቶ ሀሰን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት? ልማት በአንድ ጀንበር አይመጣም።»

ይህ ለኮሚቴው ጆሮ ደረሰ። የሁለቱም አመለካከት ዳግመኛ ከቆባቸው ጋር እንዳልተጣጣመ ተረጋገጠ፤ ሌላ ፍየል ታረደ፤ የመልስ ዝውውር ደብዳቤ እንድጽፍም ተጠራሁ። ጻፍኩት። እንደ በፊቱ ግን አልኮራሁበትም።

የኮሚቴውን ማኅተም አድርጌ ስጨርስ ጣቶቼ በቀለም ተበክለው ነበር። ሳሙናዬን ከኪሴ አውጥቼ እንደ ልማዴ ወደ ሰዓዳ በር ሄድኩ። ቁልፉን ሳይ ነው ትዝ ያለኝ፤ በየቀኑ ከጆጓ ቆጥባ የምታስታጥበኝ እሷ ነበረች።